በሠላሳ አራት ቁጥር መቅናት

ወንድነት ይለካል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምኜ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሙቀት ይለካል፣ ድምፅ ይለካል፣ ወንድነት የማይለካበት ምን ምክንያት አለ? ደግሞስ መቼ ሳንለካካ ኖረን እናውቃለን? እኔ ባደግሁበት ጎጃም ወንድ የሚመዘነው በአፉ ነው፤ ሰርግ ቤት ተነስቶ ካልፎከረ ወንድ መሆኑን የሚያውቁለት እናቱ ብቻ ናቸው። እዚህ መቐለ ያሉት አማቼ ደግሞ ወንድን የሚመዝኑት በዝምታው ነው። «ከመይ ውዒልካ» ብለው ውሎዬን ይጠይቁኝና የቀረውን ሰዓት ቁጭ ብለው ያዩኛል። እኔ መቼም ሰው ዝም ሲል መለፍለፍ አመሌ ነው። ስለዚህ በጎጃሙም በመቐለውም ሚዛን ሳልደፋ እነሆ ጎልማሳ ሆኛለሁ።

ታዲያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዬ፣ የሶሲዮሎጂ ሰው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ መጠይቅ ይዞ ከተፍ አለ። በየአገሩ ስለ ወንድ ልጅ ምን እንደሚታመን የሚለካ ነው አሉ። ወንድ ሲከፋው ማልቀስ የለበትም፣ ወንድ ወጥ ቤት መግባት የለበትም፣ ምናምን የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ እናንተ ከ«ፍጹም እስማማለሁ» እስከ «ፍጹም አልስማማም» ካሉት አንዱን ትመርጣላችሁ። የመቐለ ተወላጆችና እንደኔ ከሌላ ክልል የመጣን ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቀን፣ መልሳችን ከሌላው ዓለም ወንድ ጋር ይተያያል። ከመጀመሪያዎቹ መላሾች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሚስት ለሥራ ከከተማ ስትወጣ ባሏን ማስፈቀድ አለባት? ፍጹም አልስማማም። ሚስት ከሌላ ወንድ ጋር ስትሥቅ ባል ይቀናል? ኧረ ፍጹም አይቀናም! ቤቴ ገብቼም ለባለቤቴ ለለተብርሃን ደረቴን ነፍቼ አንድ በአንድ ተረክሁላት። «ጎበዝ» አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ያኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ለተብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራበት የነበረው የልብስ ፋብሪካ ሥራ ካቆመ ወዲህ ቤት ከዋለች ዓመታት ሆነዋል። ትግርኛውም አማርኛውም እንደ ውኃ ይፈስላታል። «ጠያቂ ይፈልጋሉ፣ ለምን አታመለክችም?» ያልኳት እኔው ነኝ። እጄን ይዞ ያስገደደኝ የለም። አመለከተች፣ ተቀጠረች። በማግስቱ ጫማዋን ወልውላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ያየኋት ሴት የማገባት ሰሞን ያየኋት ናት። ደስ አለኝ፤ እስከ ማታ።

ማታ ማታ የወንዶች ወሬ ይዛ ትገባ ጀመር። ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ያለ አንድ ባለሱቅ «ወንድ የቤቱ ራስ ነው፤ ትስማማለህ?» ስትለው «ቆይ» ብሎ፣ ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን ጠይቆ መጣ አለችኝ። ሣቅን። ይህ ምንም አይደለም። ችግሩ የጀመረው ሠላሳ አራት ቁጥር ከመጣ በኋላ ነው። መላሾች ስማቸው አይነሳም፤ ሕጉ ነው፤ በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ሠላሳ አራት ቁጥር ደግሞ ከመቐለ ወጣ ብላ ያለችው የቁሓ ሰው ነው። ስለ ቅናት ስትጠይቀው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እቀናለሁ እንጂ! ካልቀናሁማ ምኑን ወደድኳት?» አላት አሉ። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች። ከዚያ ሣቋን አቁማ ትክ ብላ አየችኝ።

እኔም ፈገግ አልኩ። ዘመናዊ ሰው ነኛ! ውስጤ ግን ተንጨረጨረ። በስም ብቀና ይሻለኝ ነበር፤ ሰው በስም የሚያውቀውን ቢያንስ ያማዋል። ቁጥር እንዴት ይታማል? «ዕድሜው ስንት ነው?» አልኳት እንደ ዋዛ። «ምስጢር ነው።» «ሥራውስ?» «ኧረ በጃኻ፣ እባክህ! ምስጢር ነው አልኩህ እኮ!» ይኸውላችሁ፣ አሥር ዓመት አብራኝ ስትኖር ከእኔ የደበቀችው የመጀመሪያው ነገር ሌላ ወንድ ሆነ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቁሓ ሄድኩ። አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን መመርመር ያዝሁ። ቁሓ ይህን ያህል መልከ መልካም ወንድ እንዳላት አላውቅም ነበር! ያ ቁመተ ሎጋው ይሆን? ይሄ ጥርሱ እንደ ወተት የነጣው ይሆን? አህያ የሚነዱትን ሽማግሌ እንኳ ጎምለል ሲሉ ሳያቸው ተጠራጠርኳቸው። በመጨረሻ ሻይ ቀጂዋ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የጠፋብህ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

በዚህ መሃል የሥራው ሁለተኛ ዙር ዓዲግራት እንዲሆን ተወሰነ። ሁለት ሳምንት። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፤ ሴቲቱ የእኔዋ። ለተብርሃን ይህንን የነገረችኝ ልብሷን እያጣጠፈች ነው። «ሳትጠይቂኝ?» አልኩ ሳላስበው። ቀና ብላ አየችኝና «ፍጹም አልስማማም ብለህ የለም እንዴ?» አለችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አትሂጂ ለማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብላት ሥራው ይቀርባታል፤ ስንት ዓመት ቤት ውላ ያገኘችው ሥራ። ባልላት እኔ ልፈነዳ ነው። ዋጥኩት።

የጉዞው ቀን ጠዋት መኪናው በራችን ላይ ቆመ። ሾፌሩም፣ ሁለቱ ጠያቂዎችም ወርደው አክብረው ሰላም አሉኝ፤ ሦስቱም ወጣቶች፣ ሦስቱም መልካቸው አያስከፋም፣ እግዜር ይይላቸው። «በሉ መልካም መንገድ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «እኔ ምንም ችግር የለብኝም!»

ለተብርሃን እግሯን መኪናው ላይ ሰቅላ ከነበረችበት ተመልሳ ወረደች። «በቃ?» አለች። «ይህን ሁሉ ቀን የሰው ባል ስጠይቅ ከረምኩ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይምላል፣ አንዱ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። ቤቴ ስገባ ያንተ ፊት እንደ ግድግዳ! ትንሽ እንኳ አትቀናም? እንታይ ኮይንካ? ምን ሆነሃል?»

አልቻልኩም። ጎጃሜነቴ ድንገት አገረሸብኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ሠላሳ አራት ቁጥርን አነሳሁ፣ ቁሓን አነሳሁ፣ ጥርሰ ነጩን አነሳሁ፣ የተጠራጠርኳቸውን ሽማግሌ ከነአህያቸው አነሳሁ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ! ገብቶሻል? እነዚህንም ሦስቱን ገና ሳያቸው ጠልቻቸዋለሁ!» ሾፌሩ መሬት መሬት ያያል። ለተብርሃን እጇን አፏ ላይ ጭናለች።

«ቁሓ ድረስ? ለእኔ ብለህ?»

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀረችልኝ ብዬ አሰብኩ፤ ሻንጣዋን ለማውረድም እጄን ሰደድኩ። እሷ ግን ጉንጬን ስማኝ፣ እንደ ኮረዳ ዘላ መኪናው ውስጥ ገባችና በመስኮቱ እጇን እያወዛወዘች ሄደች።

ማታ ከዓዲግራት ደወለች። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ልቧ ሲያመነታ እንደነበር ነገረችኝ። ብኖር ባልኖር ግድ የማይሰጠውን ሰው ትቼ እንዴት ነው የምሄደው፣ ተመልሼስ ምን አገኛለሁ እያለች፣ ከመኪናው የወረደችውም ልትቀር ነበር። ዝም ብላት ኖሮ፣ ይኸውላችሁ፣ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ይህንን እያሰላሰልኩ ሳለ በስልኩ ውስጥ ከኋላዋ የወንድ ሣቅ ሰማሁ።

«ማነው እሱ?» አልኳት ሳልደብቅ።

ደስታዋን ብትሰሙት!