ሻምበሉና የገዛ ውሉ

(የጦር ካምፕ በር። የብረት በሩ ተቆልፏል። ውጭ ሻምበል ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል፤ የካምፑ የወጪ ቅነሳ ኃላፊ ነው። ውስጥ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ፣ የግል ጥበቃ ድርጅት የደንብ ልብስ የለበሰ ዘበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል።)

ሻምበል፦ ክፈት አልኩህ እኮ!

ዘበኛ፦ ሰምቻለሁ ጌታዬ። ሲሉኝ ሦስተኛ ጊዜዎ ነው።

ሻምበል፦ ታዲያ ለምን አትከፍትም? ደግሞ ቁጭ ብለህ! መኮንን ሲመጣ ብድግ አይባልም?

ዘበኛ፦ በጥበቃ ውላችን የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ነበረ አሉ። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው፣ ከጎኑ «ለመነሳት አንከፍልም» ብለው ጽፈዋል።

ሻምበል፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) እሱ ለቁጠባ ነው። ስማ፣ አራት ሰዓት ላይ ጄኔራሉ ሪፖርቴን ይሰማሉ። ዛሬ ካልቀረብኩ የሻለቃነቴ ነገር አበቃለት። ገባህ?

ዘበኛ፦ እኔንማ ገባኝ። ያልገቡት እርስዎ ነዎት።

ሻምበል፦ አትቀልድ!

ዘበኛ፦ የመግቢያ ካርድ ያሳዩኝና ልክፈት።

ሻምበል፦ የምን ካርድ?

ዘበኛ፦ የድርጅቱን። ከአሥር ቀን በፊት ለሁሉም ታድሏል።

ሻምበል፦ እኔ ሦስት ሳምንት ሥልጠና ላይ ነበርኩ።

ዘበኛ፦ የምን ሥልጠና?

ሻምበል፦ የወጪ ቅነሳ።

ዘበኛ፦ የት?

ሻምበል፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ሐይቅ ዳር... ሆቴል።

ዘበኛ፦ እንኳን ደህና መጡ። ትንሽም ወፈር ብለዋል።

ሻምበል፦ ካርዱ የት ነው የሚሰጠው?

ዘበኛ፦ እዚሁ ግቢ ውስጥ። ከመዝገብ ቤት ቀጥሎ ያለው ክፍል።

ሻምበል፦ በቃ ክፈትና ልውሰድ።

ዘበኛ፦ ካርድ ያሳዩኝና።

ሻምበል፦ አንተ ደንቆሮ! ካርድ ለመውሰድ መግባት፣ ለመግባት ደግሞ ካርድ... ይሄን የጻፈው የትኛው ቂል ነው?

ዘበኛ፦ (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል) አንቀጽ አሥራ አራት። ከሥሩ ፊርማ አለበት። ስሙን ላንብብልዎ?

ሻምበል፦ ተወው፣ ተወው! የሥራዬ ትልቅነት አንተን አይገባህም። አርባ ወታደር ቀንሼ የደመወዝ በጀቱን...

ዘበኛ፦ ሠላሳ ስምንት።

ሻምበል፦ አርባ! ዝርዝሩን የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ዘበኛ፦ አንዱ ሁለቴ ተጽፏል። አንዱ ደግሞ ከሞተ ዓመት አልፎታል። የስንብት ደብዳቤውን ፈርማ የተቀበለችው ሚስቱ ናት።

ሻምበል፦ አንተ ይሄን በምን አወቅክ?

ዘበኛ፦ ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ እኔ ነኝ። ሃምሳ አለቃ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህችው በር።

ሻምበል፦ እና ድርጅቱ መልሶ እዚሁ ቀጠረህ?

ዘበኛ፦ እዚችው ወንበር ላይ። ድርጅቱ በእኔ ስም የድሮ ደመወዜን ሦስት እጥፍ ከእናንተ ይቀበላል፤ ለእኔ የድሮዬን ግማሽ ይሰጠኛል።

ሻምበል፦ እሱ ሌላ ነው! ያኛው የደመወዝ በጀት ነበር፤ ይሄኛው የአገልግሎት ግዢ ነው። ኪሱ ለየቅል ነው።

ዘበኛ፦ ሱሪውስ ጌታዬ? ሱሪውም ለየቅል ነው?

ሻምበል፦ (ሰዓቱን ያያል፤ ፍርግርጉን ይይዛል) ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ነው የቀረኝ። ዓይንህን ጨፍነህ አሳልፈኝ።

ዘበኛ፦ ካርድ የሌለው ሰው ካስገባሁ ድርጅቱ ዛሬውኑ ያሰናብተኛል። አንዴ በእርስዎ ብዕር ተባርሬአለሁ፤ ደግሞ በእርስዎ እግር አልባረርም። ሦስት ልጅ አስተምራለሁ።

ሻምበል፦ ጋሼ፣ እባክዎ...

ዘበኛ፦ አቤት እድገት! ከ«ደንቆሮ» ተነስቼ በሩብ ሰዓት «ጋሼ» ደረስኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ወታደርነቴ እንዲህ ፈጥኜ አድጌ አላውቅም።

ሻምበል፦ ጠላት ቢመጣስ? ለእሱም ካርድ ካርድ ትላለህ?

ዘበኛ፦ እላለሁ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ከመጣ ግን አያገኘኝም። የማታውን ጥበቃ እርስዎ «በዚያ ሰዓት የሚመጣ የለም» ብለው ከውሉ ሰርዘውታል።

ሻምበል፦ ግድ የለም! ጄኔራሉ እዚህ ሲደርሱ አብሬያቸው እገባለሁ። እሳቸውን እንዴት እንደምታቆማቸው አያለሁ!

ዘበኛ፦ እሳቸውማ ገብተዋል።

ሻምበል፦ በየት?

ዘበኛ፦ በአጥሩ። በጓሮ በኩል ከወደቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሾፌራቸው አቋራጭ መስሎት ቀጥ አድርጎ ነዳው።

ሻምበል፦ አጥሩን የሚጠብቅ የለም እንዴ?

ዘበኛ፦ ውሉ «በር» ነው የሚለው። የሰፈሩ ላሞች በዚያ ሲገቡ ሲወጡ ይውላሉ፤ አንቀጽ የጠቀሰባቸው የለም።

ሻምበል፦ (ለመሮጥ ይዞራል) እኔም በዚያው!

ዘበኛ፦ አይድከሙ። ጄኔራሉ አብረዋቸው የመጡትን ሁለት ወታደሮች አቁመውበታል።

ሻምበል፦ ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!

ዘበኛ፦ በር ክፈት ነው ያሉኝ። ስለ አጥር መች ጠየቁኝ?

ሻምበል፦ እሳቸውስ? ስለ እኔ ምንም አላሉም?

ዘበኛ፦ እዚህ መጥተው ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ፊርማው ላይ ሲደርሱ «ይሄ ሰው የት ነው?» አሉ። «ገና አልገቡም» አልኳቸው።

ሻምበል፦ እሺ? እሺ?

ዘበኛ፦ «እንዳይገባ» አሉኝ።

ሻምበል፦ (ቦርሳው ከብብቱ ይወድቃል) ታዲያ ያን ሁሉ አንቀጽ ምን አስቆጠረህ? ያኔውኑ አትለኝም?

ዘበኛ፦ የእርስዎ ውል ብቻውን ከበቃ፣ የጄኔራል ትእዛዝ ለምን አባክናለሁ?

ሻምበል፦ (መሬት ላይ ቁጭ ይላል) አሁን እኔ ምን ልሁን?

ዘበኛ፦ እኔን ጄኔራሉ ከነገ ጀምሮ ወደ ማዕረጌ መልሰውኛል። ድርጅቱ በምትኬ ዘበኛ ይፈልጋል። (በፍርግርጉ መሃል አንድ ወረቀት ያሾልካል) ማመልከቻው ይኸው። ደግነቱ፣ ይሄን ለመሙላት መግባት አያስፈልግም።