ነቅታ በመገኘቷ

ረድኤት ትናንት ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ መልስ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ሆና የተቀጠረችበት የሦስት ወር ሙከራ የሚያበቃበት ቀን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወይ ቋሚ ትሆናለች፣ ወይ ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ድካሙ አጥንቷ ድረስ ገብቷል። የጻፈችው ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀች አንዲት ስሕተት ፍለጋ አራት ቀን አፍጥጣ ከርማለች። በዚያ ላይ ባልደረቦቿ ምሳ ላይ ተረባርበው አጎረሷት። አዲስ ሠራተኛ ደግሞ ጉርሻ አልቀበልም ብሎ የት ይደርሳል?

በሕልሟ ሠራተኛው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ኮምፒውተሮቹ ናቸው። አለቃዋ አቶ ደጀኔ በካልሲ እየተራመዱ ብርድ ልብስ ያለብሳሉ። እሷ ጋ ሲደርሱ ክው አሉ።

«አንቺ ልጅ! ዓይንሽ ተገልጧል እኮ!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን እጨፍናለሁ።»

«በመጨረሻው ቀን? ምን ነካሽ?»

ጨፈነች። ሦስት ወር ሙሉ ስታባርረው የከረመችው እንቅልፍ ያን ቀን ብትለምነው ዘጋት።

ኮምፒውተሯ አዛጋና ያነባት ጀመር። «እዚህ መስመር ላይ እናትሽ አሉ፤ እዚህ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ። ሥራው የት ነው ያለው?»

«ከሥር ነው» አለችው፤ ራሷም አላመነችውም።

ወደ ጠረጴዛው ሥር ብታይ ያቺ የአራት ቀን ስሕተት ዶሮ ሆና እንቁላል ታቅፋለች።

«አገኘኋት!» ብላ ጮኸች። በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ቢሮው በሙሉ ተነቃነቀ፤ አንድ ሁለቱ ማልቀስ ጀመሩ። ዘበኛው ትራሱን ታጥቆ መጣ።

«የተኛ ሰው ትቀሰቅሻለሽ?» አሉ አቶ ደጀኔ፣ የግምገማውን ቅጽ እያወጡ። «ለነቃ ሰው እዚህ ቦታ የለም!»

ረድኤት እግራቸው ላይ ወደቀች። «ተኝቼ ነው ጋሼ! በማርያም፣ ዓይኔን አልገለጥኩም! ሦስቱንም ወር ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት!»

በገዛ ጩኸቷ ባነነች። ጉንጯ ላይ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ታትመዋል። ጠረጴዛው ሥር ዶሮ የለም። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያታል፤ አቶ ደጀኔ ጫማቸውን አድርገው፣ ቅጹን ይዘው አጠገቧ ቆመዋል።

«ሦስቱንም?» አሉና የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ።