ደጋጎቹን ባክቴሪያዎች ድስት ውስጥ ፈጀኋቸው

ዛሬ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ሰው ፊት የሆንኩትን ብነግራችሁ ስልካችሁ ከእጃችሁ ይወድቃል!

ትንሿን ልጄን ትሁትን ታውቋታላችሁ። ተቅማጥ እየተመላለሰባት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል።

ለጥናት የመጡ የጤና ሰዎች ባለፈው ወር ጤና ጣቢያው ውስጥ በፓኬት ዱቄት ሰጡን። ፕሮባዮቲክ ይሉታል። ሆድ ውስጥ ክፉ ብቻ ሳይሆን ደግ ባክቴሪያም ይኖራል፣ ይኸ የጎደሉትን ደጎች ለመተካት ነው፣ ይጠቅማት እንደሆን እናያለን አሉ።

ደግ ባክቴሪያ! ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔማ "ባክቴሪያ" የምትለዋን ስሰማ ሌላውን ጆሮዬ አልያዘውም።

ዛሬ ሚዛን ላይ አወጧት። ኪሎዋ ፈቅ አላለም።

ነርሷ "እናቴ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚሰጧት?" አለችኝ።

ኮራ ብዬ "ውሃ ውስጥ በጥብጬ፣ እስኪንተከተክ አፈላዋለሁ!" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አፍልተው? እናቴ፣ እነዚህ እኮ ነፍስ ያላቸው ናቸው! ከሞቱ ምን ይሠራሉ?"

ከኋላዬ ጎረቤቴ ዘነቡ ጣልቃ ገባች፤ "ኧረ ተያት የኔ እህት፣ እሷ ጠበልም ታፈላለች!"

ሳቁ ቆርቆሮውን ሊነቅለው! ወረፋ የያዘችው እናት ሁሉ ሆዷን ይዛ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

(የጠበሉ ነገር እውነቷን ነው። ማርያም ይቅር ትበለኝ።)

ባጃጅ ውስጥ ስገባ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

የትሁትን ታላቅ፣ ዳዊቴን፣ የወሰደብኝ ውሃ ነው። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን ከእርሻው በርሜል ጠጣ። ተቅማጥና ትውከት አጣደፈው። መንገድ ዳር መኪና ስንጠብቅ ክንዴ ላይ አለፈ። ለቅሶ ላይ አንዷ "ምነው ቢፈላ ኖሮ" አለች። ክፋት አልነበረባትም። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ውሃ አፈላለሁ። ወተት አፈላለሁ። ማንኪያ ሳይቀር አፈላለሁ! እሳት ያላየ ነገር ልጄ አፍ አይገባም።

ነርሷ ስወጣ ሌላ ፓኬት ሰጥታኝ ነበር። "ውሃውን ያፍሉ፤ በደንብ ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን ይጨምሩበት።"

በዚህ በረሃ ውሃ መቼ ቀዝቅዞ ያውቃል? ቤት ገብቼ አፈላሁና ድስቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እንደ አስታማሚ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ዱቄቱን ስጨምር እጄ ወደ እሳቱ ይሄድብኛል። መለስኩት።

ጠጣችው።

ጆሮዬን ሆዷ ላይ አደረግሁ። "እማ፣ ኮረኮርሽኝ!" ብላ ተንከተከተች። እኔ ለካ "እባካችሁ፣ እናንተ እንኳ ኑሩልኝ" እያልኩ እየለመንኳቸው ነው።

በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሟች ወገን ሽማግሌ ይልካል። ዘመድ አዝማዳቸውን ድስት ውስጥ የጨረስኩባቸው እኔ፣ እስቲ ንገሩኝ፣ ልጄ ሆድ ውስጥ ማንን ልላክባቸው?