ጋሽ ደሴ ኢንተርኔት ሲያማርጡ

ሚስት ሲያማርጡ ሳያገቡ የሚያረጁ ወንዶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመተማው አከራዬ ጋሽ ደሴ እንዲያ የሚያማርጡት የቤት ኢንተርኔት ነው። ደግነቱ፣ ሚስታቸውን በጊዜ አግብተዋል።

የማስተርስ ማመልከቻዬ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ኢንተርኔት የማገኝበት ስልኬ ተበላሸብኝ። ላፕቶፔን ታቅፌ፣ እያፈርሁ የትኛው መስመር እንደሚሻል ጠየቅኋቸው።

«ፋይበር ትራክተር ነው፤ ጉልበታም ነው፣ መንገድ ካልተጠረገለት ግን አይመጣም። ባለሲሙ ራውተር የቀን ሠራተኛ ነው፤ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሁሉም ይሻማበታል። የሱዳኑ ሲም ደግሞ...»

ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ስልካቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እሱ እስኪጨርስ ትምህርቱም ያልቃል፤ በዚህ ላኪ» ብለው ዳታቸውን ከፈቱልኝ።

ጋሽ ደሴ ሳተላይት ላይ ሲደርሱ ማመልከቻዬ ገባ።

«ታዲያ የትኛውን መረጥሽ?» አሉኝ።

«የእትዬ ዘነቡን» አልኋቸው።