ካፒቴን ዊንስታንሊ እና የጋላቲና ቀለም

በንጉሡ ባሕር ኃይል ያገለገለ ሰው ሁሉ ከጠላት መድፍ ይልቅ የቀለም ጭረት የሚያስደነግጠው አንድ ካፒቴን ያውቃል። አላውቅም የሚል ካለ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ራሱ ያ ካፒቴን ነው። የእኔው፣ ክቡርነታቸው፣ ሄክተር ዊንስታንሊ ይባሉ ነበር። «ጋላቲና» የምትባለውን የጦር መርከብ ሲያዙ እኔ ከሥራቸው አራት ዓመት በሌተናነት አገልግያለሁ። አራቱንም ዓመት አፌን ከፍቼ ነው የኖርኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

ካፒቴኑ በዚህ ዓለም የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አድሚራል መሆን። በዚያ ዘመን ሊጎበኝ የሚመጣ አለቃ መድፋችሁ ዒላማ ይመታል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ነሐሱን ይዳብሳል፣ ጓንቱን ያያል፣ ይሄዳል። ከመንግሥት የሚሰጠው ቀለም ስለማይበቃ ሹመት የፈለገ ካፒቴን ከኪሱ ይገዛ ነበር። የእኛው ጌታ ደግሞ የሚስታቸውን ውርስ በሙሉ ወደ ወርቅ ቅብ ለውጠው የመርከቧ አፍንጫ ላይ ለጥፈውታል። ሚስስ ዊንስታንሊ አንድ ቀን ሻይ ሊጠጡ መጥተው አፍንጫውን ቀና ብለው አዩና፣ «ያ የአባቴ ቤት ነው» አሉኝ።

በሦስት ወር አንዴ የመድፍ ልምምድ ግዴታ ነበር። አዲስ በነበርኩበት ሰሞን ደረቴን ነፍቼ ቀረብኩ።

«ጌታዬ፣ መድፉ ዝግጁ ነው። እንተኩስ?»

«ምን ነካህ ፔቲግሩ? ጭሱስ?»

«የምን ጭስ ጌታዬ?»

«ነጩን ቀለም የሚያጠቁረው ጭስ ነዋ! ጥይቱን ቀስ አድርጋችሁ ባሕር ውስጥ ጣሉልኝ። መዝገቡ ላይ ‹ተተኩሷል› ብለህ ጻፍ።»

«ዒላማውስ ጌታዬ?»

«ባሕሩን መቼ ሳትነው?»

ይኼ ምንም አይደለም። መርከበኛው ጎፍ የመርከቧን ጎን ሲቀባ ገመድ ከድቶት ባሕር ውስጥ ወደቀ። እየተንፈራገጠ ሊወጣ ሲል ካፒቴኑ ከላይ ጮኹ፤ «በዚያ አይደለም! አልደረቀም! ዙርና በወዲያ በኩል ውጣ!» ጎፍ ያንን ሁሉ መርከብ በዋና ዞረ። ከንፈሩ ጠቁሮ ሲወጣ በንዴት ይፈነዳል ብዬ ስጠብቅ፣ «እውነታቸውን እኮ ነው ጌታዬ» አለኝ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ስንት ሰዓት የፈጀሁበት መሰለዎት?» በሽታው ተላላፊ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በሮቹ መጡ። መርከብ ቢቀደድ ውሃው ከክፍል ወደ ክፍል እንዳያልፍ የሚያግዱ ከባድ የብረት በሮች አሉ። ክቡርነታቸው በየቀኑ በአሸዋ አሳሿቸው፤ እንደ መስተዋት አበሩ፣ ጠርዛቸውም አለቀ። አናጢያችን ሚስተር ትሬሎር፣ የኮርንዎል ሽማግሌ፣ በሩን ዘግቶ ጋዜጣ በጠርዙ አሳለፈ።

«ጌታዬ፣ ጋዜጣ ያለፈበት ውሃ አያልፍም?»

«ሚስተር ትሬሎር፣ በሩ ላይ ፊትህ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ታዲያ ሌላ ምን ፈለግህ?»

ከታላቁ ጦርነት ሰባት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ወደ ፕሊመዝ ወደብ እየሄድን ነበር። በማግስቱ ጉብኝት አለ፤ እሱ ካማረ የካፒቴኑ አድሚራልነት እንደማይቀር ወጥ ቤቱ ሳይቀር ያውቃል። ጠዋት ጭጋግ ወረደ፤ ተረኛው መኮንን እኔ ነኝ። ካፒቴኑ ጢማቸውን ሊላጩ ሲወርዱ የትእዛዝ መዝገቡ ላይ በእጃቸው «በየአሥር ደቂቃው ጥልቀት ይለካ» ብለው ጻፉ። ጎፍ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን ገመድ እየጣለ ይለካል። ገመዱ በወጣ ቁጥር ግን ትናንት በተቀባው ጎን ላይ ጭቃ ያንጠባጥባል። ካፒቴኑ ሲያዩት ምን ሊሉኝ ነው?

«ይበቃል ጎፍ፣ ተወው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ጭጋግ እኮ ነው!»

«ቀለሙ አይታይህም?» አልኩት። እኔ! በገዛ አፌ!

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መርከቧ አለት ላይ ወጥታ ተቀደደች። ውሃው በሚያብረቀርቁት በሮች ሥር እየተሹለከለከ ገባ፤ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጋላቲና ሰመጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስድስት መቶ ሰው አንድም ሳይጎድል ወጣ። ጀልባው ውስጥ ካፒቴኑ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ከካፖርታቸው ሥር የትእዛዝ መዝገቡ ጫፍ ይታየኛል።

መርከቡን ያጣ ካፒቴን በጦር ፍርድ ቤት መዳኘቱ የማይቀር ሥርዓት ነው። መዝገቡ ከቀረበ እሳቸው አድሚራል የመሆን ተስፋቸው አይሞትም፤ እኔ ግን ካገባሁ ሁለት ወሬ ነው፣ እንጀራዬ ያን ቀን ያበቃል። ጥያቄው ከሰብሳቢው ዳኛ መጣ።

«ጥልቀት እንዲለካ አዘው ነበር?»

«አላዘዝኩም» አሉ ካፒቴኑ።

«የትእዛዝ መዝገቡስ?»

«ከመርከቧ ጋር ሰጥሟል።»

ክው አልኩ። ወዲያው ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ሌተና ፔቲግሩ፣ የተባለው ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ፍርዱን ሰው ከመናገሩ በፊት ሰይፍ ይናገራል። ተከሳሹ ተመልሶ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለው የራሱ ሰይፍ ጫፉን ወደ እሱ ካዞረ ጥፋተኛ ነው። ጫፉ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር። እጅ ነሥተው ወጡ፤ ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጌታዬ፣ መዝገቡ እኮ እርስዎ ጋ ነው! በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

«ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

«ለምን? ለምን ዋሹ?»

«ማን ዋሸ?» አሉ ተቆጥተው። «ወረቀቱ ላይ ለካ ብዬ ጻፍኩ። አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩህ ግን ቀለሙን ጠብቅ ነው። የትኛውን እንዳዘዝኩህ አንተም ታውቃለህ። በል አሁን ወደ ሚስትህ ሂድ።»

ከዚያ በኋላ መርከብ አልሰጧቸውም። እኔ ጥልቀት እየለካሁ ሃያ ዓመት ሄድኩ፤ እሳቸው የተመኙት ማዕረግ ለእኔ ደረሰኝ። በመኮንኖች ክለብ ውስጥ በእሳቸው ሲሳቅ አብሬ ስቄያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሑድ እሑድ ሳውዝሲ በሚባለው ሰፈር ከቤታቸው ምሳ እበላ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም፤ እንደ እሳቸው የምወደው ሰውም አልነበረኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ቀበርናቸው። ከኋላዬ የቆመ አንድ ወጣት መኮንን ጠጋ ብሎ፣ «ክቡር አድሚራል፣ ጋላቲናን ያሰጠሙት ሰውዬ እኚህ ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም» አልኩት፤ «እኔ ነኝ።»