በአፍንጫ የገባ ወተት

[ባሕር ዳር፤ የሁዳዴ አምስተኛ ሳምንት። በሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ይዘው ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው መርስዔ ኀዘን ነው፤ የኮሌጅ መዝገብ ቤት ሠራተኛ። የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ላይ ጥሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ያልተማረውን ሁሉ ሲያስተምር ይኖራል። ሁለተኛው የእህቱ ባል ዳኘው ነው፤ የመሸንቲ ገበሬ፤ ሁለት ቀይ ፔርሙዝ ታቅፏል። የመርስዔ አባት መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ከበሩ ወዲያ ተኝተዋል። ሳንባቸውን ታመው በመሣሪያ ከተነፈሱ፣ በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ ከተመገቡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው።]

መርስዔ፦ በአፍንጫ የገባም ጾም ይፈታል! ይፈታል አልሁህ!

ዳኘው፦ አፍንጫ እኮ አይቀምስም ጋሼ።

መርስዔ፦ መቅመሱን ማን ጠየቀህ? ቱቦው የት ነው የሚያደርሰው? ሆድ! ሆድ ደግሞ «በየት በር ገባህ?» ብሎ አይጠይቅም።

ዳኘው፦ ዶክተሯ ግን የዛሬ አሥር ቀን ሌላ ነው ያሉን። «ሳንባቸው ድኗል፤ መሣሪያውን እንዳንነቅል ግን ሥጋቸው አልቆ መተንፈሻ ጉልበት የላቸውም። ወተትና እንቁላል አምጡ» አሉ።

መርስዔ፦ እሳቸው ሳንባ ያውቃሉ። ጾም የማውቅ እኔ ነኝ።

ዳኘው፦ ለበሽተኛ ተፈቅዷል ይባላል እኮ።

መርስዔ፦ በሽተኛው ራሱ የነፍስ አባቱን ሲጠይቅ ነዋ! አባባ ጠይቀዋል?

ዳኘው፦ ኧረ በምን አፋቸው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ አለ።

መርስዔ፦ እንግዲያማ አልጠየቁም።

[መርስዔ በመልሱ በጣም ረካ። እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ የሚያጨበጭብለት ሰው ማጣቱ ብቻ ይቆጨዋል።]

ዳኘው፦ አምና ጥቁሩ በሬዬ ታመመብኝ። መርፌ ተወጋ፣ በሽታው ለቀቀው። በሬው ግን አልተነሣም። መኖ ሳበላው ጊዜ ተነሣ።

መርስዔ፦ አባቴን ከበሬ ጋር?!

ዳኘው፦ ኧረ በሬውማ ወተት አልጠጣም ጋሼ።

መርስዔ፦ [ወደ በሩ እያየ] ስማኝ ዳኘው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዲት ሁዳዴ አልገደፉም። ነቅተው «ጾሜን የት ጣልኸው?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ፈራሁ እኮ!

ዳኘው፦ እኔም እንዲነቁ ነው የምልህ።

መርስዔ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ዛሬም እንደ ወትሮው የገብሱን አጥሚት አጥልለህ ለነርሷ ስጣት። ቀጠን አድርገው!

ዳኘው፦ እሺ። ምሳ በላህ?

መርስዔ፦ ሐይቅ ዳር ወረድሁና ዓሣ ቀመስሁ።

ዳኘው፦ በሁዳዴ?

መርስዔ፦ የጣና ዓሣ እኮ ነው! በገዳማቱ ዙሪያ ቅዳሴ እየሰማ ያደገ፤ ከእኔና ከአንተ ይበልጥ የጾመ!

ዳኘው፦ ስንት ቀመስህ?

መርስዔ፦ ሁለት። አስታማሚ እኮ ነኝ፤ ጉልበት ያስፈልገኛል።

[በሩ ተከፈተ። ነርስ እናትዓለም ብቅ አለች፤ ፊቷ በርቷል።]

እናትዓለም፦ የመሪጌታ ቤተሰብ! መሣሪያው ተነቀለላቸው። በራሳቸው እየተነፈሱ ነው!

መርስዔ፦ [እንባው ዱብ ዱብ አለ] ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! አየህ ዳኘው? አየህ የገብስ ውኃዬን?

እናትዓለም፦ የምን ገብስ? አሥር ቀን ሙሉ ወተት በእንቁላል አይደለም እንዴ ስትሰጡን የከረማችሁ? እሱ ባይሆን ይህን ጉልበት ከየት ያመጡት ነበር?

[መርስዔ ቀስ ብሎ ወደ ቀዮቹ ፔርሙዞች ዞረ።]

መርስዔ፦ ገብሱስ?

ዳኘው፦ እኔ ጠጣሁት። ጾመኛ ነኝ፤ ለእኔ ይሆናል። ሁለቱም ፔርሙዝ ቀይ ነው... ተምታታብኝ።

መርስዔ፦ አሥር ቀን ሙሉ?!

ዳኘው፦ እኔ እንደሁ ቶሎ አይገባኝም ጋሼ፤ ታውቀኛለህ።

[እናትዓለም አስገባቻቸው። መሪጌታ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። መርስዔ አልጋው ሥር ወደቀ። እንዳይዋሽ አባቱ ናቸው፤ እውነቱን እንዳይናገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁን ጠፍቶበታል።]

መርስዔ፦ አባባ! ይማሩኝ! ጾምዎን አስገደፍንዎ። እኔ ገብስ ነበር ያዘዝሁ፤ ወተቱን ያመጣ ይኸ ነው!

[መሪጌታ በጣታቸው ጠሩት። መርስዔ ምርቃት ሊቀበል ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፊታቸው አስጠጋ።]

መሪጌታ፦ [በተሰነጠቀ ድምፅ] ማነህ... ዓሣ ዓሣ የምትሸት?

መርስዔ፦ [አፉን በእጁ ሸፍኖ] እኔ ነኝ አባባ። ሁሉን አዋቂው ልጅዎ።

መሪጌታ፦ ወተቱን... ለእኔ ድገሙኝ። ገብሱን ለእሱ ስጡት።

ዳኘው፦ ይኸው ጋሼ፤ ጠየቁ!

[የገብሱን ቀይ ፔርሙዝ ከፈተና ለመርስዔ ኩባያ አነሣ።]

ዳኘው፦ ቀጠን ላድርገው?