ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተያዘችው መኪና

እሑድ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.። የወ/ሮ ፍረወይኒ የልብስ ስፌት መኪና ከትናንት ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ናት።

ቦታ፦ ቦሌ አራብሳ፣ የብሎካችን የጋራ ቤት።

የተገኙ፦ አቶ መኩሪያ (የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ደብሪቱና አቶ እዝራ (አባላት)፣ አብነት (ፀሐፊ)፣ ወ/ሮ ፍረወይኒ (ባለጉዳይ)። አቶ ዓንዶም (አባል) በራቸው ሲንኳኳ «ማን ነው?» ብለው ስላልከፈቱ አልተገኙም። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ብርበራው

ወ/ሮ ፍረወይኒ እንዳስረዱት፣ ሁለት ፖሊሶች «የተሰረቀ መኪና እንፈልጋለን» ብለው መጡ። «ሦስተኛ ፎቅ ላይ?» ቢሏቸው አልጋ ሥር ጭምር አዩ። በመጨረሻ የስፌቷን አግኝተው «ይቺውና መኪና!» በማለት ተሸክመው ወረዱ። የሚዜዎች ቀሚስ ለቅዳሜ የተቀጠረ መሆኑንም ገለጹ።

አቶ እዝራ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ጠቅሰው፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ለምን እንዳስገቧቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ፍረወይኒ፣ ፖሊሶቹ «ቤቶች!» ሲሉ ከጓዳ «ይግቡ!» ማለታቸውን አመኑ። አቶ እዝራ ይህ በሕግ ፊት ፈቃድ ነው አሉ። ወ/ሮ ደብሪቱ «ታዲያ ምን ትበል? አንቀጽ ሃያ ስድስት ብላ ትጩህ?» ሲሉ ሐሳባቸው ተመዘገበ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦

ሀ) በብሎኩ ውስጥ «ይግቡ» ማለት ተከልክሏል። ለ«ቤቶች!» መልሱ «ማዘዣ!» ይሆናል። ወ/ሮ ደብሪቱ የንስሐ አባታቸውንም ይጨምር እንደሆነ ጠየቁ። ይጨምራል ተባለ።

ለ) ኮሚቴው ነገ ጣቢያ ሄዶ መኪናዋን ያስመልሳል። ማን ይሂድ ሲባል ሁሉም ሰኞ እንደማይመቻቸው አስታወቁ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች!» ተባለ። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ «ይግቡ!» አለ።

የገባው ከትናንቶቹ ፖሊሶች አንዱ ነበር። መኪናዋ ያለ ፔዳል ስለተወሰደች ኤግዚቢቱ ጎዶሎ መሆኑን ገልጾ ፔዳሉን ጠየቀ። ሰብሳቢው ወንበራቸውን ለቀቁለት። አቶ እዝራ ማዘዣ እንዲጠየቅ ለፀሐፊው በጆሮው ነገሩት። «እርስዎ ይጠይቁት እንጂ» ቢላቸው ጉንፋን እንደያዛቸው ገለጹ።

ከአጭር ውይይት በኋላ ሀ እና ለ ተሽረዋል። ፀሐፊው ፔዳሉን ከሦስተኛ ፎቅ እንዲያመጣ፣ ስብሰባውም እሱ እንደተመለሰ እንዲዘጋ ተወስኗል። ወ/ሮ ፍረወይኒ ቁልፉን ሲሰጡት «አብነት፣ አደራ» ብቻ አሉ።

ፀሐፊው ፔዳሉን በፌስታል ይዞ ወረደ፣ ፖሊሱ የሚጠብቅበትን የጉባኤውን በር ሳያንኳኳ አለፈ፣ የመገናኛ ታክሲ ተሳፈረ።

ስብሰባው አልተዘጋም።